ማረፊያ የሚመረጠው ለሚቀረው ሰው ነው

በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ አጠገብ የሚኖሩ አንድ የቤተሰብ አባት ስለ ዕረፍት ጉዞ ምክር ይጠይቁናል። ወላጅ እናታቸው የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ከአገር ቤት መጥተው በእርሳቸው ዘንድ ይገኛሉ። በነሐሴ ወር ከሥራ የሚያርፉባቸው ቀኖች አምስት ብቻ ስለሆኑ፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለቱን ልጆቻቸውንና እናታቸውን ይዘው በመኪና ወደ ገጠር ለመውጣት አስበዋል። ልጆቹም ስለ ላስኮ ዋሻ በትምህርት ቤት ስለ ተማሩ፣ ዋሻው ወደሚገኝበት ወደ ዶርዶኝ አውራጃ ካልሄድን ብለዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በየሌሊቱ ማደሪያ እየለወጡ ብዙ ከተማ ማየት ይሻላልን? ወይስ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ከዚያ እየወጡ መመለስ? በአንድ ስፍራስ ከሆነ ስፍራው በምን ይመረጣል?

ጥያቄው የሚጠቅመው ለእኒህ አባት ብቻ አይደለም። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በአውሮፓ ይኖራሉ፤ ወላጆቻቸውም ከአገር ቤት እየሄዱ ይጠይቋቸዋል። አረጋዊት እናት ያን ረጅም የአየር ጉዞ የሚታገሡት የልጅ ልጆቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ለማየት ነው እንጂ ሕንጻ ለመቁጠር አይደለም። ምናልባትም ዳግመኛ ላይመለሱ ይችላሉ። ስለዚህ እነዚያ ጥቂት ቀኖች በመኪና ወንበር ላይ እንዳያልቁ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

በመጀመሪያ ቀኖቹን እንቁጠር። የዶርዶኝ አውራጃ ደቡብ ምሥራቃዊ ክፍል ፔሪጎር ኑዋር ይባላል፤ ዋና የገበያ ከተማውም ሳርላ ነው። ከፓሪስ እስከ ሳርላ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሳያቆሙ ቢነዱ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ልጆችና አረጋዊት ይዞ ግን በየሁለት ሰዓቱ መቆም ስለሚያስፈልግ ሰባት ሰዓት ብሎ ማሰብ ይሻላል። ስለዚህ መሄጃው አንድ ቀን፣ መመለሻውም አንድ ቀን ይወስዳል። አምስት ቀን የተባለው ዕረፍት በእውነቱ ሦስት ቀን ነው ማለት ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ ደግሞ በየማለዳው ሻንጣ ለማሰር፣ ክፍል ለማስረከብና አዲስ ማደሪያ ለመፈለግ ግማሽ ግማሽ ቀን ቢጠፋ የሚተርፈው ምንድር ነው? ነገሩ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ እንደ ተባለው ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን አራቱን ሌሊት በአንድ ማረፊያ ማደር ነው።

ዕረፍቱ ሦስት ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ዶርዶኝን ከነጭራሹ አንመክርም ነበር። ለእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ በልዋር ወንዝ ዳር ያለችው የአምቧዝ ከተማ ትበቃለች። ከፓሪስ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ፣ ስመ ጥሩው ሠዓሊ ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺም በ1519 ያረፈባት ከተማ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመንገዱ ርዝመት ከዕረፍቱ ርዝመት ጋር መመዛዘን አለበትና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታሰበው መቼ መሄድ እንደሚሻል ነው። ነሐሴ ከገባ ጀምሮ እስከ 15 ቀን ድረስ ጾመ ፍልሰታ ነው። አረጋዊቱ እናት በእነዚያ ቀኖች ከቤተ ክርስቲያን ርቀው በገጠር መንገድ መዋል እንደማይወዱ የታወቀ ነው። በዚያውም ላይ ኦገስት 15 ቀን በፈረንሳይ የሕዝብ በዓል በመሆኑ፣ በዚያ ሰሞን አገሬው ሁሉ በመንገድ ላይ ነው። በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደቡብ የሚወስዱት አውራ ጎዳናዎች እጅግ ይጨናነቃሉ። ይህንንም መንገደኛ አስቀድሞ ያውቀው ዘንድ ቢዞን ፉቴ የሚባለው የመንግሥት አገልግሎት ከ1976 ጀምሮ የመንገዱን ሁኔታ በአረንጓዴ፣ በብርቱካንማ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም እየለየ ያስታውቃል። ጥቁር በተባለ ቀን መነሣት የቤተሰቡን ትዕግሥት መፈተን ነው።

ስለዚህ ጾሙ ተፈጽሞ፣ የነሐሴ 16 ቀን በዓልም ተከብሮ (ይኸውም በፈረንጆች ኦገስት 22 ቀን ነው) ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ቢሄዱ ይሻላል። በዚያ ጊዜ ትምህርት ቤት በሴፕቴምበር መግቢያ ላይ ስለሚከፈት ከፈረንሳይ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ወደየቤታቸው እየተመለሱ ነውና ገጠሩ ጋብ ይላል። እሑድ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ሰኞ በማለዳ ተነሥተው፣ ዓርብ ቢመለሱ ከሁለቱም የቅዳሜ ግርግር ይድናሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ማረፊያው የት ይሁን? ብዙ ሰዎች ይህን የሚወስኑት ካርታ ዘርግተው፣ ሊያዩአቸው የሚፈልጓቸውን ስፍራዎች ምልክት አድርገው፣ መካከሉን በመፈለግ ነው። ይህ መልካም መነሻ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ምክንያቱም ካርታው የሚናገረው መኪና ይዞ ስለሚወጣው ሰው ብቻ ነው። በማንኛውም የቤተሰብ ጉዞ ግን ደክሞት ወይም ጉልበቱን አሞት ወይም እንቅልፍ ይዞት በቤት የሚቀር ሰው አለ። ሹፌሩ መኪናውን ይዞ ሲሄድ የሚቀረው ሰው እንዴት ይውላል? ከደጅ ወጥቶ ጥቂት ሊራመድ ይችላልን? ዳቦ በእግሩ ሄዶ ሊገዛ ይችላልን? ጥላ ያለው መቀመጫስ አለውን? ማረፊያ የሚመረጠው ለሚወጣው ሳይሆን ለሚቀረው ሰው ነው የምንለው ስለዚህ ነው። የሚወጣውማ መኪና አለው፤ ዐሥር ኪሎ ሜትር ቢጨመርበት አይጎዳም።

በዚህ መለኪያ በፔሪጎር ያሉትን አራት ዓይነት ማረፊያዎች እንመዝን።

አንደኛው በሳርላ አሮጌ ከተማ ውስጥ ማደር ነው። የከተማው አሮጌ ክፍል እጅግ ያማረ ነው። በ1962 በሚኒስትሩ በአንድሬ ማልሮ ስም የሚጠራው አሮጌ ሰፈሮችን ከመፍረስ የሚጠብቀው ሕግ ሲወጣ፣ በመጀመሪያ ከታደሱት ከተሞች አንዱ ሳርላ ነበር። ነገር ግን በበጋ መኪና ወደ ቤቱ ደጃፍ አይደርስም፤ ሻንጣ በእጅ ይወሰዳል፤ ቤቶቹም ጠባብና ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ ያላቸው ናቸው። በመንገዱ ላይ ያለው የሰው ድምፅም እስከ እኩለ ሌሊት ይሰማል። ለወጣት ባልና ሚስት ይስማማል፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን አይስማማም።

ሁለተኛው በገደል ላይ ወይም በገደል ሥር በተሠሩት መንደሮች፣ እንደ ዶምና እንደ ቤናክ ባሉት ማደር ነው። በ1281 የተቆረቆረችው ዶም ከአምባዋ ላይ የዶርዶኝን ወንዝ ሸለቆ ቁልቁል ታሳያለች፤ ከዚያ የሚታየውም ድንቅ ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ለማየት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ለማደር ግን አረጋዊቱን በመስኮት እያዩ እንዲውሉ መፍረድ ነው።

ሦስተኛው ከመንደር ርቆ በእርሻ መካከል ያለ ብቸኛ ቤት ነው። ጸጥታው ያስደስታል፤ ዋጋውም አንዳንድ ጊዜ ይቀንሳል። ነገር ግን ቁራሽ ዳቦ ለማግኘት በጠባብ መንገድ ሩብ ሰዓት መንዳት ሊያስፈልግ ይችላል። ዛሬ በፈረንሳይ ገጠር ሱቅ የሌላቸው መንደሮች ብዙዎች ናቸው። መኪናው ሲወጣ የቀሩት ሰዎች እንደ ደሴት ሰው ይሆናሉ።

አራተኛው ከሳርላ ዳርቻ፣ ከአሮጌው ከተማ በእግር በሚደረስበት ስፍራ፣ አለበለዚያም እንደ ሴን ሲፕሪያንና እንደ ለ ቡግ ባሉት የራሳቸው ዳቦ ቤትና ገበያ ባላቸው የሸለቆ ከተሞች ዳርቻ፣ ምድር ቤት ያለው ትንሽ ቤት መከራየት ነው። ለተጠየቅነው ቤተሰብ የምንመርጠው ይህን አራተኛውን፣ ከእርሱም ውስጥ የሳርላን ዳርቻ ነው። መኪና በግቢ ይቆማል፤ ልጆች በሣር ላይ ይጫወታሉ፤ አረጋዊቱም ነጠላቸውን ለብሰው ከልጃቸው ሚስት ጋር ዳቦ ቤት ደርሰው ሊመለሱ ይችላሉ።

ቤቱን ስንመርጥ ደግሞ ስለ ወጥ ቤት እናስብ። በገጠሩ የሚገኙት ማረፊያዎች ከሆቴል በቀር በሁለት ይከፈላሉ። ሻምብር ዶት የሚባለው በባለቤቱ መኖሪያ ውስጥ ያለ ክፍል ነው፤ በሕግ ከአምስት ክፍል አይበልጥም፤ የጠዋት ቁርስም ከኪራዩ ጋር ነው፤ ለማብሰል ግን ብዙውን ጊዜ አይመችም። ዢት የሚባለው ከነወጥ ቤቱና ከነዕቃው ሙሉ በሙሉ የሚከራይ የገጠር ቤት ነው። የዢት ልማድ የተጀመረው በ1951 ሲሆን፣ አገር አቀፍ ማኅበሩ በ1955 ተቋቋመ። ዓላማውም ገበሬው ተጨማሪ ገቢ እንዲያገኝ፣ ባዶ የቀሩት የገጠር ቤቶች እንዳይፈርሱና መጠነኛ ገቢ ያለው የከተማ ሰው ቤተሰቡን ይዞ እንዲያርፍ ነበር።

ለእኛ ቤተሰብ ዢት ይሻላል። ፍልሰታ ቢያልፍም ረቡዕና ዓርብ አይቀሩም። የፔሪጎር ምግብ ደግሞ የታወቀው በዳክዬና በዝይ ነው፤ በሳርላ ስም የሚጠራው የድንች ጥብስ እንኳ የሚጠበሰው በዳክዬ ስብ ስለሆነ፣ በምግብ ቤት ድንች ብቻ ያዘዘ ጿሚ ሳያውቅ ሊገድፍ ይችላል። በራስ ወጥ ቤት ግን ችግር የለም። በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት ትራዲስዮን ተብሎ የሚሸጠው የፈረንሳይ ዳቦ ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ የሚጋገር ነው፤ ቅቤም ወተትም አይገባበትም። ክሯሳን የሚባለው ግን የቅቤ ነው። አውራጃው በዋልነት ፍሬ የታወቀ በመሆኑ ከፍሬው የሚጨመቀው ዘይት በየገበያው ይገኛል፤ ለሰላጣ መልካም ነው። ምስርና ሽሮ፣ በርበሬም ከቤት ይዞ መሄድ ነው።

ዢት በበጋ አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ለሙሉ ሳምንት ይከራያል። በነሐሴ መጨረሻ ግን ቤታቸው ባዶ የቀረባቸው ባለቤቶች ለአራት ሌሊት ሊስማሙ ይችላሉና ቀድሞ በስልክ መጠየቅ ነው። ሲጠይቁም እነዚህን ነገሮች አይርሱ፤ የመኝታ ክፍልና መጸዳጃ በምድር ቤት አለን? ከመኪናው እስከ በሩ ስንት ደረጃ አለ? ዳቦ ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ ነው፤ የሚዘጋውስ በየትኛው ቀን ነው? አንሶላና የመውጫ ጽዳት በኪራዩ ውስጥ ናቸውን? ያማረ ሥዕል ስለ ደረጃ አይናገርም፤ ባለቤቱ ግን ከተጠየቀ ይናገራል።

ማረፊያው ከተገኘ ሦስቱን ቀኖች ማደላደል ቀላል ነው። ደንቡ በቀን አንድ ዋና ነገር ማየት ነው፤ የቀረው ጊዜ ለቤት ይተዋል።

ማክሰኞ ማለዳ ለልጆቹ ነው። ላስኮ በሞንቲኛክ ከተማ አጠገብ ነው፤ ከሳርላ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዋሻውን በሴፕቴምበር 12 ቀን 1940 አራት ወጣቶች ገቡበት፤ በግድግዳው ላይም የበሬና የፈረስ፣ የዋሊያ መሰል ፍየልና የአጋዘን ሥዕል አገኙ። ሊቃውንት ዕድሜውን 17,000 ዓመት ያህል፣ አንዳንዶችም ከዚያ የሚበልጥ ይገምቱታል። ከጦርነቱ በኋላ ለሕዝብ ሲከፈት ግን የጎብኚው ብዛት ጎዳው፤ የሰው ትንፋሽ ያመጣው እርጥበትና የተቃጠለ አየር ሥዕሉን ያበላሽ ጀመር፤ በግድግዳውም ላይ አረንጓዴ ሽበት በቀለ። ስለዚህ በ1963 ተዘጋ። ዛሬ ልጆቹ የሚያዩት በዲሴምበር 2016 የተከፈተውን፣ መላውን የሥዕል ዋሻ አስመስሎ የተሠራውን ላስኮ 4 ነው። ይህን ለልጆች ቀድሞ መንገር ይገባል፤ አለዚያ ያዝናሉ። መግቢያውን ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ውስጡም ቀዝቃዛ ነውና ጋቢ ይያዝ። ዋሻው የሚገኝበት የቬዜር ሸለቆ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የእኛ ላሊበላ ከተመዘገበ ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ረቡዕ ማለዳ የሳርላ ገበያ ቀን ነው፤ ደግሞም የጾም ቀን ነው፤ ስለዚህ ለጾሙ ማዕድ ከዚያው ይሸመታል። ቲማቲም፣ ፎሶሊያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮክና ሜሎን ሞልቶ ይገኛል። ሴንት ማሪ የተባለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በውስጡ ሲሸጥበት ሲያዩ አረጋዊቱ እናት ይገረሙ ይሆናል፤ ልጆቹ ታሪኩን ያስረዷቸው። ከሰዓት በኋላ አባት ልጆቹን ይዘው ወደ ካስተልኖ ምሽግ ይሂዱ። ይህ ምሽግና በወንዙ ማዶ ያለው የቤናክ ምሽግ ከ1337 እስከ 1453 በቆየው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦርነት ጊዜ ፊት ለፊት ይፋጠጡ ነበር። አረጋዊቱ ግን በቤት ይቀራሉ፤ የመረጥነው ማረፊያ ጥቅሙ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው። ወደ ማታ ሁሉም በአንድነት በላ ሮክ ጋዣክ በጠፍጣፋ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል በወንዙ ላይ ቢንሸራሸሩ ማንም ሳይደክም ደስ ይለዋል።

ሐሙስ የአረጋዊቱ እናት ቀን ይሁን። ሮካማዱር በገደል ላይ የተሠራ የእመቤታችን መሳለሚያ ነው። ከሳርላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም መንገዱ ጠመዝማዛ በመሆኑ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በዚህ አገር ርቀት በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም። ቤተ ክርስቲያኑ የካቶሊካውያን ነው፤ ሆኖም የእመቤታችን ስም የሚጠራበት ስፍራ በመሆኑ ከምሽጎቹ ሁሉ ይልቅ ልባቸውን የሚነካው ይህ ይመስለናል። ተሳላሚዎች በጉልበታቸው ይወጡት የነበረው ደረጃ 216 ነው። ልጆቹ በእግራቸው እየቆጠሩ ይውጡ፤ አያታቸው ግን በአሳንሰር ይውጡና ከላይ ይጠብቋቸው።

ስለ መንገዱም ጥቂት እንጨምር። ከፓሪስ በኦርሌያንና በቪየርዞን፣ በሊሞዥና በብሪቭ አድርጎ ይወረዳል። ከቪየርዞን እስከ ብሪቭ ያለው ፈጣን ጎዳና ክፍያ የለውም። በፈጣን ጎዳና ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 130 ሲሆን፣ ዝናብ ሲጥል 110 ነው። መካከሉ ባልተከፈለ የገጠር መንገድ ከ2018 ጀምሮ 80 ነው፤ በአንዳንድ አውራጃ 90 ስለ ተፈቀደ ምልክቱን መመልከት ነው፤ በከተማና በመንደር 50 ነው። ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል፤ በመንደር ውስጥ ከጠባብ ቅያስ ብቅ የሚል መኪና መብቱ ነውና ይጠንቀቁ። አንጸባራቂ ሰደርያና ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት በመኪናው ውስጥ መኖር ግዴታ ነው። ከዐሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ከኋላ፣ ለዕድሜው በሚገባው መቀመጫ ይቀመጣል። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ በገጠሩ ብዙ ሱቅ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ይዘጋል፤ ሰኞም የሚዘጉ ዳቦ ቤቶች ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ ሰኞ ማታ የሚበላው ከቤት ይዘጋጅ፤ ደክሞ የደረሰ ቤተሰብ በጨለማ ሱቅ ፍለጋ አይውጣ።

ከሁሉ በላይ፣ ሦስቱ ቀኖች አልቀው ያልታየ ነገር ቢቀር አይዘን። በቬዜር ሸለቆ ያሉት ዋሻዎችና ምሽጎች ተቆጥረው አያልቁም፤ ለሌላ ዓመትም ይቆያሉ። የአያትና የልጅ ልጅ በአንድ ማዕድ መቀመጥ ግን ቀጠሮው በእኛ እጅ አይደለም። ማታ ማታ በዚያች ትንሽ ቤት ደጃፍ ልጆቹ የዋሉበትን ለአያታቸው ሲተርኩ፣ አያታቸውም በፈንታቸው የአገር ቤቱን ሲያወጉላቸው፣ ማረፊያው በደንብ ተመርጧል ማለት ነው።

ለመንገደኞች ሁሉ እግዚአብሔር በሰላም አውጥቶ በሰላም ይመልሳችሁ።